«እግሬ ዘገየብኝ»፦ አባቴና ፓርኪንሰን

ቤታችሁ ውስጥ ሲራመድ አንድ ክንዱን የማያወዛውዝ ወላጅ ካላችሁ፣ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሶዶ ከተማ የማስተምር የታሪክ መምህርት ነኝ። የምነግራችሁ በእኛ ቤት የሆነውን ብቻ ነው። ሕመሙ አልተደበቀብንም ነበር። ዓይናችን ሥር ሆኖ ነው ሌላ ሌላ ስም ስንሰጠው የቆየነው።

አባቴ ዳና ይባላል። ከሶዶ አረካ ሚኒባስ ይነዳ ነበር። መኪናዋ የራሱ ነበረች፤ በመናኸሪያው «ጋሽ ዳና» ሲባል የማያውቀው ሰው የለም። ከልክ በላይ አይጭንም። ረዳቱ «ሰው እንጨምር» ሲለው «ሰው ነው እንጂ ከሰል አይደለም» ብሎ በሩን ያዘጋዋል። ነፍሰ ጡር ካየ ጋቢና ያስቀምጣል። እኔና ታናሽ ወንድሜ ኢሳያስ የተማርነው በዚያች መኪና ነው።

መጀመሪያ ያመመው ግራ ትከሻውን ነው። ሸሚዝ ሲለብስ ክንዱ አልገባ እያለ ያስቸግረው ጀመር። አንድ ክሊኒክ ሄደ። ያየው ባለሙያ ሥራውን ጠየቀው፤ ሹፌር መሆኑን ሲሰማ ሌላ ነገር አልጠየቀም። «የመስኮት ንፋስ ነው የመታህ» አለውና መርፌና የሚቀባ ነገር አዘዘለት። አባቴ አመነ፤ እኛም አመንን። ከዚያ በኋላ በበጋው ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ መንዳት ጀመረ። ተሳፋሪ «ታፈንን!» ብሎ ሲጮህ «ትከሻዬን አሞኝ ነው፣ ቻሉኝ» ይላል።

አልተሻለውም። ወጌሻ አሸው። ሌላ ክሊኒክ «ነርቭ ነው» ተብሎ ቫይታሚን ተሰጠው። ሌላ ቦታ ደግሞ ራጅ ተነሥቶ «አጥንትህ ደህና ነው፣ ዕድሜ ነው» ተባለ። ወረፋ ስንጠብቅ አግዳሚው ላይ ከጎኑ እቀመጣለሁ። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ዐርፎ ሳለ አውራ ጣቱ ሌባ ጣቱን ቀስ እያለ ያሻል፤ በሁለቱ መካከል የባቄላ ፍሬ የሚያንከባልል ይመስላል። እጁን ሲያነሣ ይቆማል፤ ሲያሳርፈው ይጀምራል። ትከሻውን ላሳየናቸው ሁሉ ስለ እጁ አልነገርናቸውም። ለእኛ ልማድ ነበር የመሰለን።

ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። አባቴ ሳቂታ ሰው ነው፤ ሲስቅ ዓይኖቹ ይጠፋሉ። ያ ፊት ዝም አለ። ሰው ሰላም ሲለው በአፉ ይመልሳል፣ ፊቱ ግን አይንቀሳቀስም። የሥራ ጓደኞቹ «ጋሽ ዳና ምን አስቀየምነው?» ብለው ሽማግሌ ሊልኩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። እናቴ ደግሞ ጓዳ ወስዳኝ፣ «አባትሽ ጠልቶኛል መሰለኝ። ሳወራው እንደ ግድግዳ ነው የሚያየኝ» አለችኝ። ድምፁም እየሳሳ ሄደ። በቸርች ጸሎት ሲያደርግ ከኋላ ወንበር ይሰማ የነበረው ሰው፣ አሁን አጠገቡ ቆሜ እንኳ «አሜን» የምለው በግምት ሆነ።

ነገሩ ትከሻ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ አረካ ለቅሶ ልደርስ ከእሱ ጋር የሄድኩ ቀን ነው። ጋቢና ተቀምጫለሁ። ከተማውን ሳንወጣ መኪናው ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሽታው እየባሰ ሲመጣ ከኋላ አንድ ሰውዬ፣ «ሹፌር፣ ፍሪሲዮን እየተቃጠለ ነው!» ብሎ ጮኸ።

አባቴ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። «ምንድን ነው የሚሸተው?»

የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። «አባ፣ የምርህን አይሸትህም?»

«ምንም የለም እኮ» አለኝ።

ወደ እግሩ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ተኝቷል። ማርሹን ካስገባ በኋላ ማንሣት የነበረበት እግር ነው። ስነግረው እንደ ሰው ዕቃ አየውና አነሣው።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከጎን ካለው የእግር መንገድ የአህያ ጋሪ ወጣ። ጋሪው ላይ ጆንያ አለ፤ ጆንያው ላይ ሴትዮ ተቀምጣለች። እኔ አየሁት። አባቴም እንዳየው አውቃለሁ፤ ዓይኖቹ ጋሪው ላይ ነበሩ። መኪናው ግን አልቀዘቀዘም። «አባ!» ብዬ ጮኽኩ። ከዚያ በኋላ ነው ፍሬኑ የተያዘው። ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን። መኪናው ሲቆም የአህያዋ ጆሮ ከፊት መስታወቱ በታች ይታየኝ ነበር፤ ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። ሴትዮዋ አልጮኸችም። እጇን አፏ ላይ አድርጋ አባቴን ታየዋለች። እሱም ያያታል፤ ፊቱ ላይ ድንጋጤ የለም፣ ይቅርታም የለም። ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ብላ ሳትሄድ አልቀረችም።

ተሳፋሪው ተንጫጭቶ ዝም ሲል ቀስ ብዬ፣ «አላየኸውም?» አልኩት።

«አየሁት» አለ። «እግሬን አዘዝኩት። እግሬ ዘገየብኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ስልኬ ሲንቀጠቀጥ የጀመርኩትን ዐረፍተ ነገር ሳልጨርስ አወጣው ነበር። ከአረካ በኩል አምቡላንስ እየጮኸ ሲመጣ ጠመኔዬን ይዤ እቆማለሁ፤ ድምፁ እስኪርቅ ተማሪዎቼ ዝም ብለው ያዩኛል። ማታ ማታ የመኪናዋን ድምፅ ግቢው በር ላይ ስንሰማ እኔና እናቴ አንተያይም። ሁለታችንም ምን ስናስብ እንደዋልን እናውቃለን። ሐዋሳ ለሚሠራው ወንድሜ ደውዬ ነገርኩት። «ዝም ብለሽ ነው የምትጨነቂው» አለኝ። «ሹፌርን መኪናውን ከነጠቅሽው ምን ይቀረዋል? በቁሙ ልትገድይው ነው?» ስልኩን ዘጋሁበት። ለብዙ ጊዜ እንደ ድሮው አልተነጋገርንም።

አባቴን ሐኪም ቤት ለመውሰድ ያሳመንኩት በትከሻው ነው። ስለ እግሩ ቢሆን አይመጣም ነበር። በሪፈር ሶዶ ያለ ሆስፒታል የነርቭ ሐኪም ዘንድ ደረስን። ሐኪሟ ከሰሜን የመጣች፣ እኔን የምታህል ሴት ናት። እናቴም አብራን ገባች። ዶክተሯ ትከሻውን አልነካችም። መጀመሪያ ያደረገችው ከበሩ እስከ ወንበሩ ሲራመድ ማየት ነው።

«አባባ፣ እስኪ ጣትዎን እንዲህ ያድርጉልኝ» ብላ አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ቶሎ ቶሎ አገናኘች። የቀኝ እጁ በደንብ ሠራው። የግራው ጀመረ፣ አነሰ፣ አነሰ፣ ቆመ። አባቴ ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየ። ክንዱን ይዛ ስታጥፈውና ስትዘረጋው እየተንገጫገጨ ነው የሚሄደው። ከዚያ ያልጠበቅነውን ጠየቀች።

«ሽታ ይሸትዎታል?»

አባቴ እኔን አየኝ። እኔ ስለ ፍሪሲዮኑ ነገርኳት።

«እንቅልፍስ? ተኝተው ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ?»

እናቴ አፍራ ሳቀች። «አንቺ ማን ነገረሽ? እኔ እኮ ከእሱ ጋር መተኛት ከተውኩ ቆየሁ። በሕልሙ ከሰው ሲጣላ እኔን ነው የሚመታ።»

ዶክተሯ ወንበሯን ወደ አባቴ አስጠግታ፣ ቀስ ብላ፣ «ሕመምዎ ፓርኪንሰን ይባላል» አለች። እንደገባኝ ላስረዳችሁ። አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሰውነታችን የታዘዘውን ሳይደናቀፍ እንዲሠራ የሚያደርገው እሱ ነው። ይህን የሚያመነጩት ሕዋሳት ቀስ በቀስ ሲሞቱ ሰውነት ይገተራል፣ ይዘገያል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ፊትና ድምፅም አብረው ይደክማሉ። የሽታው መጥፋትና የእንቅልፉ መረበሽ እጁ ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት ሊጀምር ይችላል። ይህን ስትል ወደ ኋላ ማስላት ጀመርኩ። ወጥ አርሮ ቤቱን ጭስ ሲሞላው አባቴ ጋዜጣ እያነበበ የተቀመጠበት ቀን ትዝ አለኝ። ነገሩ እኛ ቤት ከገባ ስንት ጊዜው ነው?

«ይድናል?» አለች እናቴ።

«መድኃኒት አለው እማማ። መድኃኒቱ ብዙ ያግዛቸዋል። ግን ከሥሩ የሚያጠፋ መድኃኒት እስካሁን የለም። እየባሰ የሚሄድ ሕመም ነው።»

እናቴ አማርኛው ያመለጣት ይመስል ወደ እኔ ዞረች። በወላይትኛ ደገምኩላት። በወላይትኛ ሲባል ባሰ።

«ሥራዎ ምንድን ነው?» አለች ዶክተሯ።

«ሹፌር ነኝ።»

«አሁንም ይነዳሉ?»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ተናገርኩ። ጋሪውን፣ ሴትዮዋን፣ እግሩን፣ ሁሉንም። እየሰማኝ ነው የተናገርኩት። ዶክተሯ «አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ መሪ መያዝ የለብዎትም» ስትለው በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ባጃጅ ይዘን ስንመለስ በመካከላችን ያለችው እናቴ ናት፤ እሱ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሯል። ቤት ስንገባም አላናገረኝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እናቴ ብርድ ልብሴን ገፈፈችው። «መኪናው የለም» አለች።

እየሮጥን መናኸሪያ ደረስን። የዳሞታ ተራራ ጉም ገና አልተነሣም። የአባቴ መኪና ተራ ይዛ፣ ሞተሯ ተነሥቶ፣ ከኋላ ሰው እየሞላ ነው። እናቴ በሕይወቷ ሥራ ቦታው ድረስ መጥታ አታውቅም። የጋቢናውን በር ከፈተችና የተቀመጠችውን ወጣት፣ «የእኔ ልጅ፣ አንቺ ኋላ ግቢ» አለቻት። ልጅቱ ወረደች፤ እናቴ ገባችና ነጠላዋን ሰብስባ ተቀመጠች።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አላት አባቴ።

«አረካ ልሄድ።»

«አረካ ምን አለሽ?»

«ምንም የለኝም። አንተ ስትሄድ እሄዳለሁ፣ ስትመለስ እመለሳለሁ። ቤት ቁጭ ብዬ ስልክ አልጠብቅም።»

«ውረጂ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይየን። እኔ ወድጄ ነው የገባሁት» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እነዚህ ከኋላ ያሉት ግን አልተነገራቸውም።»

ከኋላ ያሉት አንገታቸውን አሰገጉ። ረዳቱ በሩን እንደያዘ ቀረ። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ የአባቴን ፊት አያለሁ፤ እንደተለመደው ምንም አይነበብበትም። እንባ ግን ወረደ። ያ ፊት ሳይንቀሳቀስ እንባ ሲወርድበት ማየት ምን እንደሚመስል ልነግራችሁ አልችልም።

ሞተሩን አጠፋው። «ሰዎቹን ወደ ቀጣዩ መኪና አዛውራቸው» አለው ረዳቱን። ቁልፉን ለመንቀል ሞከረ፤ ጣቶቹ አልይዝ አሉት። እናቴ አላገዘችውም፤ ራሱ እስኪነቅለው ጠበቀችው። ከዚያ ጎን ለጎን ሆነው በእግራቸው ወደ ቤት ሄዱ። መኪናዋን አንድ የሥራ ጓደኛው ግቢ አስገባልን፤ ኋላም እሱው ወስዶ ይሠራባት ጀመር።

ለሳምንታት እኔን አላናገረኝም። ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። መድኃኒቱን ከእናቴ እጅ ይወስዳል። ዋናው መድኃኒት የጎደለውን ዶፓሚን የሚተካ ነው፤ ከምግብ ትንሽ ቀደም ብሎ ቢወሰድ እንደሚሻል፣ ከሥጋና ከወተት ጋር ሲገናኝ ሥራው እንደሚቀንስ ዶክተሯ ነግራን ነበር። ሌላው በትንሹ የሚወሰድ፣ መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ነው። ቀስ በቀስ ክንዱ ተፍታታ። አንድ እሑድ ለቸርች ስንዘጋጅ ከመኝታ ቤት፣ «ትዕግሥት» ሲል ሰማሁ። ስሜን ከጠራው ቆይቷል። «ነይ፣ የሸሚዜን የአንገት ቁልፍ ዝጊልኝ። ሌሎቹን ራሴ ዘግቻለሁ።» ዘጋሁለት።

ያለፈልን መስሎን ነበር። ያኔ ዋናው መድኃኒት ከሶዶ ፋርማሲዎች ጠፋ። ኢሳያስ ከሐዋሳ ትንሽ ላከ፤ እሱም አለቀ። ዶክተሯ ፈቃድ ላይ ነበረች። አንድ ክሊኒክ ያገኘነው ባለሙያ፣ «እስከዚያው ይቺኛዋን ጨምሩለት» ብሎ የመንቀጥቀጡን መድኃኒት ከፍ አደረገለት። እጁ በርግጥ ጸጥ አለ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የጓሮውን እንሰት ያያል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው።

«ትዕግሥት፣ እነዚያን ሰዎች ዛሬ አረካ አንሄድም በያቸው» አለኝ።

«የትኞቹን ሰዎች አባ?»

«እንሰቱ ሥር የተቀመጡትን። ከጠዋት ጀምረው እየጠበቁ ነው። ዝም ማለት ነውር ነው።»

እንሰቱ ሥር ማንም የለም። ሰፋፊው ቅጠል በንፋስ ይወዛወዛል፤ ጥላው መሬቱ ላይ ይንቀሳቀሳል። ረጋ ብሎ ነበር የሚናገረው፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው። «አንዷ ልጅ አዝላለች» አለ ቀጥሎ። «ልጁ ግን አያለቅስም። ለምንድን ነው የማያለቅሰው?»

በየቀኑ መጡ። አባቴ ያነጋግራቸዋል፤ ወንበር አውጡላቸው ይላል። እናቴ ቦይና የምንለውን ጎደሬ ለመቆፈር ብቻዋን ጓሮ መሄድ ተወች። እኔ ራሴ፣ የተማርኩት ሴት፣ ሲመሽ ወደዚያ በኩል ላለማየት መጋረጃ ዘግቼ እቀመጥ ነበር። ጎረቤት «ይሄ የሐኪም ነገር አይደለም» ማለት ጀመረ። የቸርች ሽማግሌዎች መጥተው ጸለዩለት። ሲጨርሱ ከመካከላቸው አንዱ እጄን ይዞ፣ «እኛ መጸለያችንን አናቆምም። እናንተ ደግሞ ነገውኑ ሐኪሟ ጋ ውሰዱት» አለኝ። ያ ሰው ምን ያህል እንደገላገለኝ አያውቅም።

ዶክተሯ ተመልሳ ነበር። መድኃኒቶቹን ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አየች። «ይህን ማን ጨመረው?» አለች። መንቀጥቀጡን የሚያስታግሰው መድኃኒት በትልልቅ ሰዎች ላይ ሲበዛ አእምሮን ያምታታል፣ የሌለውን ያሳያል። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ አስቀነሰችው። ዋናውንም መድኃኒት ከየት እንደምናገኝ አፈላልጋ ነገረችን። እባካችሁ ይህን አጥብቃችሁ ያዙ፦ የሚያክመውን ሐኪም ሳታማክሩ የፓርኪንሰንን መድኃኒት አትጨምሩ፣ አታቋርጡ። በድንገት ማቋረጥም ሌላ አደጋ ነው፤ ሰውነት እንደ እንጨት ደርቆ ሊቀር ይችላል።

እንሰቱ ሥር የነበሩት ቀስ በቀስ ቀነሱ። መጨረሻ የቀረችው ልጅ ያዘለችው ሴት ናት። አንድ ማታ እራት ስንበላ አባቴ፣ «ዛሬ እሷም አልመጣችም» አለ። እናቴ ጠቅልላ አጎረሰችው። ግን ዶክተሯ አልሸነገለችንም። ሕመሙ ሲገፋ፣ ያለ መድኃኒት ስሕተትም ቢሆን፣ አንድ ቀን ሊመለሱ ይችላሉ ብላናለች። እናቴ እስከ ዛሬ ጓሮ ስትሄድ አንዳችንን ትጠራለች።

አሁን ቀኝ እጁንም ጀምሮታል። ወንድሜ በየወሩ እየመጣ ይጠይቀዋል፤ አንድ ጊዜ አባታችን ኩባያ ለማንሣት ሲታገል አይቶ ውጭ ወጣ፣ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው አልተናገረኝም። የሚመጣውን ማታ ማታ እቆጥራለሁ፤ መዋጥ ይቸግረዋል፣ ይወድቃል፣ ምናልባት እኛንም ይረሳል። በር ላይ ሲደርስ ደግሞ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። መጎተት እንደሌለብን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሳይቶናል፤ እግራችንን ፊቱ ላይ አግድም እናስቀምጥለታለን፣ እሱን ለመሻገር ሲል እግሩ ይነሣል።

ባለፈው ቀጠሯችን ተራ ስንጠብቅ ከቦምቤ የመጡ አባትና ልጅ አጠገባችን ተቀመጡ። ልጁ ጎልማሳ ነው። አባትየው እጁን ጃኬቱ ውስጥ ከትቶ ወለል ወለሉን ያያል። ልጁ ሕመሙ የተነገራቸው በቅርቡ መሆኑን ከነገረኝ በኋላ ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎ፣ «አባባ፣ መድኃኒቱ ያድናል?» ሲል ጠየቀው።

አባቴ ድምፁን ለማውጣት ትንሽ ጊዜ ወሰደበት። ልጁ ጆሮውን አስጠጋ።

«አያድንም» አለው። «ዛሬ ግን ቁርሴን በእጄ በላሁ።»

የአባቴ ስም ተጠራ። እጄን ስዘረጋለት አልፈለገም፤ ተነሣ፣ ተመልሶ ቁጭ አለ፣ እንደገና ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ እግሩ ያዘው። ኮሪደሩ በሙሉ ያየናል። እግሬን ፊቱ ላይ አግድም አስቀመጥኩ። ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ተሻገረኝና ገባ። በሩን ልዘጋ ዞር ስል የቦምቤው ሰውዬ አሁንም እያየን ነበር። እጁን ከጃኬቱ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አሳርፎታል፤ ሰው ሁሉ እያየው ይንቀጠቀጣል።